ትርንጎን ለአሰልጣኝነት ሳደርስ

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ ልጅ ብርቱካን ትጽፋለች። «እምየ፣ ይኼን እንዲህ ቢሉት አይሻልም?» ስትለኝ «ያልኩሽን ጻፊ» እላታለሁ። ደብረ ማርቆስ ድረስ የሄድኩት ለገበያ አይደለም፣ ለጠበልም አይደለም፣ ለክስም አይደለም። የብርቱካንን ታላቅ እህት ትርንጎን የመረብ ኳስ አሰልጣኝ ላስደርግ ነው። ይኼን ሲሰማ የሚስቅ አለ። ይሳቅ። እኔ መንገዱን እንደሄድኩበት እነግራችኋለሁ።

ትርንጎ የልጄ የይበልጣል ልጅ ናት። ደብረ ወርቅ ቤት ተከራይታ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ነጥቡ ግን አልመጣላትም። ተመልሳ መጥታ ጥቂት ጊዜ አንገቷን ደፍታ ሰነበተች። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥታ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ አስተከለች፤ በቋሚዎቹ መሐል የአባቷን የጭነት ገመድ ወጠረች፤ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ሰብስባ ኳስ ታስተምር ጀመር። መረብ የለም፣ ገመዱ ብቻ ነው። ልጆቹ ግን ከብት አስገብተው፣ ውኃ ቀድተው፣ ሮጠው ይመጣሉ። ብርቱካንም አንዷ ናት።

ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነው። «ልጆቹ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ሊጋጠሙ ይችላሉ፤ ግን አሰልጣኛቸው የስልጠና ወረቀት ካላት ነው» አላት። አምና ደብረ ማርቆስ ሄዳ ተማረች። ጽሑፉን አለፈች፣ ሜዳ ላይ ወደቀች። «ድምፅሽ አይሰማም» አሏት። ውሸት አላሉም። ትርንጎ ጎረቤት ተልካ በር ላይ ቆማ «ቤቶች» ስትል ለራሷ የምትናገር ነው የሚመስል።

ዘንድሮ ደግሞ ልትሄድ ስትነሣ አባቷ ተቆጣ። ይበልጣል ክፉ አይደለም፣ የደከመው ሰው ነው።

«ደግሞ አንድ ጊዜ ትሞክር» አለ። «አሁንም ከወደቀች ደጀን እህቴ ደብሬ ጋ ትገባለች። ሻይ ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ገመድ ወጥሮ አይኖርም። ብቻዋንም አትሄድም።»

«ብቻዋን ማን አላት? እኔ አለሁ አይደል?» አልኩት።

«አንቺ? ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ እኔን ነው የሚይዝ፤ አንተን ተሸከመኝ አላለህ።»

በዚህ ተቆረጠ። ወረቀቱን ይዛ ከመጣች ሜዳዋ ላይ ትቆያለች፣ ካልያዘች ደጀን ትገባለች። እኔም በሶ ፈጨሁ፣ ቆሎ ቆላሁ፣ እንዝርቴንና ጥጤን በከረጢት ከተትኩ።

ከማዶ ለማዶ

ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። «ዛሬ መኪና አለ» የሚል ወሬ ስንሰማ በማለዳ ወጣን። ከኛ መንደር መኪና መንገዱ ድረስ አንድ ትልቅ ሸለቆ አለ፤ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሽቅብ መውጣት ነው። ወንዙ በጋ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ገና አቀበቱን ስንጀምር ሚኒባሱ ከላይ አፋፉ ላይ ሲነሣ አየሁት።

ከረጢቴን ጣልኩና እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተጣራሁ። «አንተ ባለመኪና ኧ—ረ! ቁም—!»

ትርንጎ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። «እምየ፣ ኧረ ሰው ይሰማል!»

«እንዲሰማ አይደል የምጣራ?»

አገራችን እንዲህ ነው። ጋራና ሸለቆ ነው። ከዚህ አፋፍ እዚያ አፋፍ ያለውን ሰው ለማግኘት ግማሽ ቀን ከመሄድ መጣራት ይቀላል። የሞተም የተወለደም፣ የጠፋች ላምም በጥሪ ነው የሚነገር። የተጠራ ደግሞ «አቤት» ይላል። ተጠርቶ ዝም ያለ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። እኔ ይኼን ጥሪ ከእናቴ ነው የለመድኩት። ትርንጎ ግን ከተማ ተቀምጣ ስትመለስ አፈረችበት።

መኪናው ቆመ። ስንደርስ ረዳቱ በሩን ከፍቶ እየሳቀ ነው።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት የጠሩን? እኔ እኮ ትራፊክ መስሎኝ ደነገጥኩ! ነገ ይምጡና ይተኩኝ፤ እዚህ ሆነው ደጀን ሲሉ ደጀን ያለው ሰው ይሰማዎታል።»

«ምሳዬን ከቻልክ እመጣለሁ» አልኩት። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

ረዳቱ ወደ ትርንጎ ዞረ። «አንቺስ እህቴ፣ የት ነሽ?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ምን አለች?»

«ደብረ ማርቆስ አለች» አልኩት እኔ።

«በሉ ይችን ልጅ ቀስ አድርጋችሁ አስገቧት፣ ብርጭቆ ናት!»

ደግሞ ተሳቀ። ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ያ ቃል ግን አብሮኝ ተጫነ።

መንገዱ አቧራ ነው። ግራና ቀኙ የጤፍ ገለባ ተከምሯል፣ አውድማው ላይ የቀረውን እህል ወፍ ይለቅማል። በቀኝ በኩል ጮቄ ጉም ለብሶ አብሮን ይሄዳል። ቢቸና ላይ ሰው ወረደ፣ ሰው ተጫነ፤ አንዲት ሴትዮ ሁለት ዶሮ ይዛ እግሬ ሥር አስቀመጠቻቸው። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ከትርንጎ ቦርሳ ፊሽካ አወጣና አገላብጦ አየው።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ለመረብ ኳስ ነው» አለች። ይኼን እንኳ በደንብ ሰማሁት።

«ተጫዋች ነሽ?»

«አሰልጣኝ» አለችና ቶሎ ብላ «ልሆን ነው» አለች።

ሰውየው ፊሽካውን መለሰላት። «በይ ይቅናሽ» አላት። ሰው ሁሉ አይስቅም ማለት ነው።

ደጀን፣ ደብሬ ቤት

ደጀን ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኛ አገር ብርድ እዚያ ሲደርስ ከታች ከበረሃው ሙቀት ይወጣና ፊትን ይመታል። ከባድ መኪና በግራ በቀኝ ተደርድሯል። ጎማ የሚነፋ፣ ሙዝ የሚሸጥ፣ ብርቱካን የሚሸጥ፣ «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ» የሚል፣ ሁሉም ይጮሃል። ልጄ ደብሬ ሻይ ቤቷ መንገዱ ዳር ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሃያ ብር ትሸጣለች። ሃያ ብር! በኔ ጊዜ በዚህ በግ ይጎተት ነበር።

ደብሬ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። እጇን ስይዘው እንደ ግንድ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል፤ ሙሉ ቀን ብርጭቆ ስታጥብ ነው የምትውል። ከባንኮኒው ኋላ ምስማር ላይ አዲስ ሽርጥ ተሰቅሏል፣ እጥፋቱ እንኳ አልለቀቀም።

«ይኼ የማን ነው?» አልኳት።

«የትርንጎ ነዋ» አለች። ከዚያ ዓይኔን አየችና «እማየ፣ ክፉ ተመኝቼላት አይደለም፤ ታልፍ እንደሆን ደስ ይለኛል። ግን ለብቻዬ ሞትኩ እኮ» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ» አልኳት። አውቃለሁም።

ትርንጎ ይኼን ሰምታለች። እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ታጥብ ጀመር። ሾፌሮቹ «አንቺ ልጅ፣ ስኳር!» ይሏታል፣ ታመጣለች፤ «አንቺ ልጅ፣ ውኃ!» ይሏታል፣ ታመጣለች። አንድም ሰው ስሟን አልጠየቃት።

ሲመሽ እራት ቀረበ። ደብሬ ለኛ ብላ ጥብስ አስጠብሳለች። ስንበላ ስንበላ አንዲት ጥሩ ሥጋ መሐል ላይ ቀረች። ደብሬ ወደ ትርንጎ ገፋቻት።

«ብያት።»

«አይ እቴ፣ አንቺ ብያት።»

«ልጅ አይደለሽ? ብያት እንጂ!»

«ጠግቤያለሁ፣ እውነቴን ነው።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

እንዲህ ሲባባሉ የደብሬ ድመት ዘላ ሥጋዋን አፈፍ አድርጋ ከጠረጴዛ ሥር ገባች። ጎናችን ያለው ሾፌር ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «እናንተ ስትግደረደሩ ድመቷ ጠገበች!» አለ። እኛም ሳቅን። ያቺ ሥጋ ኋላ ትመጣለች፣ አትርሷት።

ሲነጋ መኪና ልንሳፈር ስንቆም ትርንጎ ሽርጡን ዞራ አየችው።

«እምየ» አለችኝ፣ «እኔ እዚህ ከገባሁ ልጆቹ ገመዱን ይፈቱታል።»

«አይፈታም» አልኳት። በምን እንደማይፈታ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

ደብረ ማርቆስ

ከደጀን ደብረ ማርቆስ አስፋልት ነው፤ በሉማሜ በኩል መኪናው እንደ ውኃ ይፈሳል። ደብረ ማርቆስ ብርዱ ከኛም ይብሳል። ባጃጁ እንደ ንብ ነው፤ መንገድ ስሻገር ትርንጎ እጄን ይዛ፣ እኔ እንዝርቴን ይዤ፣ እንደ ፈሪ በግ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተሻገርኩ። ያረፍነው የክርስትና ልጄ አንጓች ቤት ነው። ቤቷ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም አልጋውን ለቃ እሷ መሬት ተኛች። ብትለምናት አትሰማም።

ጠዋት ጠዋት ትርንጎን እስከ ሜዳው አደርሳታለሁ። ሰልጣኞቹ ወንድ ይበዛሉ፤ ሴቶቹ ትርንጎን ጨምሮ ጥቂት ናቸው። የሚያስተምራቸው መምህር ጌታሁን ይባላል፤ ድሮ ተጫዋች ነበረ አሉ፣ አሁን አንድ እግሩን ይጎትታል። አጥር ሥር መሬት ላይ ስቀመጥ አየኝና ራሱ ወንበር ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ጥላው ጋ ይቀመጡ። የማን እናት ነዎት?»

«የትርንጎ አያት ነኝ።»

ጎኔ ቆመ። ትርንጎ ሜዳው ላይ ናት። ኳሷ ስትመጣ ጎንበስ ብላ በሁለት ክንዷ ትቀበላታለች፤ ኳሷም ድምፅ ሳታሰማ፣ ለጓደኛዋ እንደተላከ መልእክት፣ ሄዳ እጇ ላይ ታርፋለች። እኔ ስለ ኳስ አላውቅም። ግን ጥሩ እጅ ሳይ አውቃለሁ።

«ልጅቷ ታውቃለች» አለኝ መምህሩ። «ማን የት መቆም እንዳለበት ከኔ ቀድማ ታያለች። ግን እማማ፣ አሰልጣኝ ያየውን መናገር አለበት። አምናም የጣልኳት እኔ ነኝ፣ አልደብቅዎትም።»

«አፍ አላት። አልከፈተችውም እንጂ» አልኩት።

«የመጨረሻው ፈተና አማኑኤል ከተማ ነው። አይተዋቸው የማያውቋቸውን ልጆች ያሰለጥናሉ። እዚያ ካልከፈተችው እኔም ልረዳት አልችልም።»

ማታ ማታ ከአንጓች ቤት ጀርባ ባሕር ዛፉ ውስጥ እወስዳታለሁ። «ጩኺ» እላታለሁ። አፏን ትከፍታለች፣ ይዘጋባታል። አንድ ቀን ጉንጯ እስኪቀላ ሞከረችና ዛፉን ተደግፋ ተቀመጠች።

«እምየ፣ ማንን ነው የምጮኸው? ዛፉን?» አለችኝ። «ሰው ሳይኖር መጮህ እብደት ነው የሚመስለኝ። ሜዳም ላይ ‹ድምፅ! ድምፅ!› ይሉኛል፤ ምን ብዬ፣ ለማን እንደሆነ አይነግሩኝም።»

«በይ ተነሺ፣ እንግባ፣ ብርድ ነው» አልኳት። ያን ያህል ነው ያወቅሁት።

አማኑኤል

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ናት። ዋናው መንገድ መሐሏን ያልፋታል፤ ሱቅ አላት፣ ዙሪያዋ እርሻ ነው። ሰልጣኞቹን የጫነው መኪና ላይ እኔም ወጣሁ። አንዱ ሰልጣኝ «እማማም ሊፈተኑ ነው?» አለ። «አንተ ካለፍክ እኔ ምን ያቅተኛል?» አልኩት።

ሜዳው ገበሬዎቹ ከሚያርሱት ማሳ ጋር የተያያዘ ነው። ከሜዳው ማዶ የጎርፍ ቦይ አለ። ልጆቹ የላስቲክ ጫማ አድርገው፣ ሹሩባ ተሠርተው፣ ተደርድረው ቆመዋል። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ አቋቋማቸውን ሳይ የኛን መንደር ያየሁ መሰለኝ። ዳር ዳሩን የከተማው ሰው ከቧል። ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ መምህር ጌታሁንና ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው። ሰልጣኞቹ ተራ በተራ እየገቡ እነዚያኑ ልጆች ያንኑ ነገር ያስተምራሉ፦ ከማዶ የተመታችውን ኳስ ተነጋግሮ መቀበል።

መጀመሪያ የገባው ወጣት ድምፁ እንደ ነጋሪት ነው። «ኳሷ ስትመጣ ‹የኔ!› በሉ! ‹የኔ!› ያለች ትውሰድ!» አለ። ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኳሷ መጣች። ዘቢደር በምትባል ረጅም ልጅና እናኑ በምትባል ልጅ መሐል ወረደች። ሁለቱ ተያዩ።

«አንቺ» አለች ዘቢደር።

«አይ አንቺ» አለች እናኑ።

ኳሷ መሐላቸው ጧ ብላ ወደቀች። ሰው ሳቀ።

«‹የኔ› በሉ አልኩ እኮ!» አለ ወጣቱ። ደግሞ ተመታች። ደግሞ ተያዩ። ደግሞ ወደቀች። እኔ የደጀኗ ሥጋ ታየችኝ። እነዚህን ልጆች እንዴት እንዳሳደጓቸው አውቃለሁ፤ እኛም እንደዚያው ነው የምናሳድግ። በማዕድ ላይ «የኔ» ያለ ልጅ እጁን ይመታል። የጨዋ ልጅ ለጓደኛዋ ትተዋለች። አሁን ሰው ሁሉ ባለበት ሜዳ፣ አባት አጎት ቆሞ እያየ፣ «የኔ ነው ብለሽ ጩኺ» ሲሏት እንዴት ትበል?

ቀጥሎ የገባው ጭራሽ ተቆጣቸው። «አፍ የላችሁም?» አላቸው። ይብሱን ዝም አሉ። አንዷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ሌሎቹም ገብተው ወጡ፤ አንዱ ትንሽ ተሳካለት፣ ሌላው አልተሳካለትም።

ለትርንጎ ተራው መጨረሻ ደረሳት።

ገባችና ኳሷን አንስታ በብብቷ ያዘች። ፊሽካ አልነፋችም። ልጆቹን ወደ ራሷ ሰብስባ ቀስ ብላ አነጋገረቻቸው፤ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። ባለመነጽሩ ሰውዬ ጆሮውን አዞረና ለመምህር ጌታሁን «ምንም አይሰማም» አለው። መምህሩ መሬት መሬት አየ። እኔ እንዝርቴን ማሾር አቆምኩ።

ከዚያ ልጆቹን ለሁለት ከፈለቻቸው። ግማሾቹን ቦዩን አሻግራ ማሳው ዳር አቆመቻቸው። ግማሾቹ እዚህ ቀሩ። ሰው ግራ ገባው። «ኳሱስ?» የሚል ሰማሁ። ትርንጎ ሜዳው መሐል ብቻዋን ቆመች። አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ባሕር ዛፉ ሥር ያየሁት ያው ነገር ነው። ደጀን ምስማር ላይ የተሰቀለው ሽርጥ ዓይኔ ላይ መጣ።

ዞር አለች። በዓይኗ ሰው ትፈልጋለች። ከዳር እስከ ዳር ፈልጋ እኔን አገኘችኝ። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እምየ ኧ—ረ!»

«አቤ—ት!»

እኔ ልመልስ ብዬ አልመለስኩም። ከአፌ ወጣ እንጂ። በቁመቴ ተነሥቼ፣ እንዝርቴ ተንከባሎ፣ እንደ ሸለቋችን አድርጌ ነው የመለስኩት። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ትርንጎ ግን ነጠላ አልጎተተችም፣ ፊቷንም አልሸፈነችም። ወደ ልጆቹ ዞረች፤ ድምፁ ከወጣ ወዲያ አልተመለሰም።

«ሰማችኋት? እናታችሁ ከማዶ ስትጠራችሁ ምን ትላላችሁ?»

«አቤት» አሉ እየሳቁ።

«ዝም ብላችሁ ትቀራላችሁ?»

«ኧረ!»

«እንግዲያው ‹የኔ› ማለቱን ተዉት። ኳሷ ስትመጣ ፊት ለፊት የምታያት ልጅ የሚቀርባትን ጓደኛዋን በስሟ ትጥራ። የተጠራች ‹አቤት!› ብላ ትቀበል። የተጠራች አትግደርደር፣ ያልተጠራች አትንካ። በሉ መጀመሪያ ከማዶ ተጣሩ!»

ቦዩን አሻግረው ሲጣሩ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! «ዘቢደ—ር!» «አቤ—ት!» «የሺ—!» «አቤ—ት!» ማሳው ላይ ያለው ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ አየ። ጥቂት ጠርተው ጠርተው ቀረብ አደረገቻቸው፤ ደግሞ ቀረብ አደረገቻቸው፤ ከዚያ ሜዳው ውስጥ አስገባቻቸውና ኳሷን አስመታች።

«ዘቢደር!»

«አቤት!» ዘቢደር ጎንበስ አለች፣ ኳሷ ሽቅብ ወጣች።

ሰው አጨበጨበ። ደግሞ ተመታች። «እናኑ!» ስትባል ሁለት ልጆች «አቤት!» ብለው ሮጠው ግንባር ለግንባር ተላተሙ። ለካ እናኑ ሁለት ናቸው! ሰው በሳቅ ሞተ። ትርንጎም ሳቀች፣ ግንባራቸውን አሸችላቸው፣ «አንቺ ትልቋ እናኑ ነሽ፣ አንቺ ትንሿ» አለቻቸውና ፊሽካዋን ነፋች። ፊሽካው እንኳ ያን ቀን ድምፅ አወጣ።

ባለመነጽሩ ሰውዬ አልረካም። «መጽሐፉ ‹የኔ› ነው የሚለው» አላት። «ኳስ ፈጣን ስትሆን የሰው ስም ተጠርቶ ያልቃል?»

«ስሙን እናሳጥራለን። ዘቢደር ‹ዘቢ› ትባላለች።»

«ያየችዋ ልጅ ባትጠራስ?»

«ያኔ ጥፋቱ የሷ ነው፤ ሁለተኛ አትረሳም» አለች። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መምህር፣ እነዚህ ልጆች ‹የኔ› ብለው አያውቁም። ሲውል ሲያድር ይለምዱታል፣ አስለምዳቸዋለሁም። እስከዚያ ግን ኳሷ መሬት አትውደቅ» አለችው።

ሰውዬው ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም፣ ባየውም አላነበው። መምህር ጌታሁን ግን በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እንዝርቴን ከመሬት አነሣልኝ። «ተከፈተ» አለኝ።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ አንድ ክፍል ውስጥ ያለፉትን በስም ጠሩ። እኔ ውጪ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ስም ይጠራል፣ ቀስ ያለ «አቤት» ይሰማል። ስም ይጠራል፣ «አቤት» ይሰማል። እኔ እመብርሃንን እየለመንኩ ነው።

«ትርንጎ ይበልጣል!»

«አቤት!»

መስኮቱ ሥር ተኝቶ የነበረ ውሻ ብድግ አለ። እኔ እዚያው እልል አልኩ።

መመለስ

ደጀን ስንደርስ ደብሬ ከሩቅ ፊታችንን አይታ አወቀች። ትርንጎን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ከባንኮኒው ኋላ ገብታ ያን አዲስ ሽርጥ ከምስማሩ አወረደችና በራሷ ወገብ ላይ አሰረችው። «የኔው አሮጌ ሆኗል» አለች። ሻይ ቀድታ ሰጠችን፤ የአማኑኤሉን ጥሪ ስንነግራት ሰምታ «ሰው ካገኛችሁ ላኩልኝ፤ ስሟን እየጠራሁ ነው የማሠራት» አለች። ትርንጎ ያቺን ማታ ብርጭቆውን ሁሉ አጥባ ነው የተኛች።

በነጋታው ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄደው መኪና ላይ ያ ረዳት ነበር። «ብርጭቆዋ! የት ነሽ?» አላት።

«ቤቴ!» አለችው። ሾፌሩ ዞሮ አየ።

መኪናው ሲሄድ አስብ ነበር። ትርንጎ ድምፅ የላትም ይሉ ነበር፤ እኔም ልቤ ውስጥ እንደዚያ ሳልል አልቀረሁም። የላትም እንዳይደለ አሁን አውቃለሁ። «ጩኺ» የሚላት እንጂ «እከሌን ጥሪ» የሚላት አልነበረም። እሷ ደግሞ ያለ ሰው መጮህ አታውቅበትም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ የተማርኩት ይኼው ነው፤ ሰው ድምፁን የሚያገኘው የሚመልስለት ሲኖር ነው። ለዚህ ትምህርት ደብረ ማርቆስ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል ወይ ብትሉኝ፣ እኛ ያስፈልገን ነበር።

አፋፉ ላይ ስንወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሸለቆው ሥር ጥላ ገብቷል፤ ማዶ መንደራችን ላይ ግን ገና ብርሃን አለ። ሜዳው ይታያል። ልጆቹ እንደ ጉንዳን ሆነው ሁለቱ ቋሚዎች ጋ ይሯሯጣሉ። አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው አለ፤ በአረማመዱ ይበልጣል መሆኑን አወቅሁ።

«ወርደን እንንገራቸው» አልኩ።

ትርንጎ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ብርቱካ—ን!»

«አቤ—ት!» (ይኼን ስትጽፍ ብርቱካን እየሳቀች ነው።)

አንዷንም ሳታስቀር ልጆቹን በየስማቸው ጠራቻቸው። ከማዶ አንድ በአንድ መለሱ። ዝም ያለች የለችም። ከዚያ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አባ—ዬ!»

ያ ሰው ቀና አለ። ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ መጣ። «ወ—ይ!»

«አለፍኩ—!»

ልጆቹም ቆሙ። ይበልጣል ከኛ ርቆ እንደዚያ ቆሞ ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ ሲያደርግ አየሁት።

«ገመዱ ላልቶ—! እኔ ብወጥረው አልሆን አለኝ—! ነይና አጥብቂው—!»